ከ165 ዓመት በኋላ ነፍስ የዘራ ሰዓት

አንባቢ ሆይ፥ በአያትዎ ወይም በአባትዎ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ሰዓት ተሰቅሎ ይሆናል። ሣጥኑ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፥ ገጹ ነጭ፥ ቍጥሮቹ የሮማውያን፥ ከሥሩም አንድ ክብ ናስ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ የነበረ። ድሮ የቤቱ ጌታ በሳምንት አንድ ቀን በቁልፍ ይሞሉት ነበር፤ ልጆች ደግሞ ቁልፉን እንዳይነኩ ይከለከሉ ነበር። አሁን ግን ሰዓቱ ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ማንም ሊጥለው አልጨከነም፤ ማንም ሊያሠራው አልተነሣም። እንዲሁ እንደ ተሰቀለ፥ ሌሊትም ቀንም ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው ይላል።

ይህን ሰዓት አንድ ቀን አውርደው፥ አቧራውን አራግፈው ወደ ሰዓት ሠሪ ቢወስዱት ከሁለት ዐይነት ሰው አንዱ ያጋጥምዎታል። የመጀመሪያው ሰዓቱን አየት አድርጎ፥ «ይህ እንኳ አርጅቷል፤ ውስጡን አውጥቼ በባትሪ የሚሠራ ልክተትበት» ይልዎታል። በማግሥቱም ይመልስልዎታል። ሰዓቱ በእርግጥ ይሄዳል፤ ነገር ግን የአያትዎ ሰዓት መሆኑ ቀርቷል፤ የአያትዎን ሰዓት ልብስ የለበሰ እንግዳ ነው። ሁለተኛው ሰው ግን ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይመለከታል። የጎኑን ብሎን ያያል፤ ከውስጥ በመርፌ ጫፍ የተጫረ ስምና ቀን እንዳለ ይፈልጋል፤ የቱ ጥርስ ከሰዓቱ ጋር የተወለደ፥ የቱ ኋላ የገባ እንደ ሆነ ይለያል። «ይህን ሰዓት የሠራው ሰው ምን አስቦ ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ዛሬ የምናወጋዎ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዐይነት ሰው ሥራ ነው። ምሳሌ የምናደርገውም ሩፐርት ጉልድ የሚባለውን እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኰንን ነው። ሰዓት ሠሪ አልነበረም፤ ሙያውን ከማንም ጌታ ሥር ሆኖ አልተማረም፤ ደመወዝም አልተከፈለውም። ሆኖም በዓለም ላይ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ እጅግ የከበሩትን አራቱን በገዛ እጁ ፈትቶ፥ ጠርጎና ገጣጥሞ እንደገና እንዲሄዱ ያደረገ እሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ፥ ለይተን ካልነገርን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ሰዓቶቹ ለምን ተሠሩ?

ጉልድ ለምን ያን ያህል እንደ ደከመ ለመረዳት አስቀድሞ የሰዓቶቹን ጥቅም ማወቅ ያስፈልጋል።

ምድር በ24 ሰዓት ውስጥ 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ እንግዲህ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ መሆኑ ነው። የሀገራችንን ካርታ ቢዘረጉ ኢትዮጵያ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ተዘርግታ ያገኟታል። ልዩነቱ 15 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በምሥራቅ ጠረፋችን አናት ላይ ከደረሰች በኋላ በምዕራብ ጠረፋችን አናት ላይ እስክትደርስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። አሁን ደግሞ በለንደን ውስጥ ባለችው በግሪንች የተስተካከለ፥ ፈጽሞ የማይሳሳት ሰዓት በኪስዎ ይዘው አዲስ አበባ ቆመዋል እንበል። ፀሐይ አናትዎ ላይ ስትደርስ ሰዓቱን ቢያወጡት በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይላል። ከቀትር የጐደለው 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። ይህን በ15 ቢያባዙት 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ይሆናል፤ የአዲስ አበባም ኬንትሮስ ይኸው ነው። ያለ መንገድ መሪ፥ ያለ ምልክት፥ የቆሙበትን ስፍራ አወቁ ማለት ነው።

በየብስ ላይ ይህ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ተራራም ወንዝም በሌለበት ውቅያኖስ ላይ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ስፍራ ስተው ከሲሊ ደሴቶች ዐለት ጋር ተላትመው ሰጠሙ፤ ከ1,400 በላይ መርከበኞች አለቁ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1714፥ የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በባሕር ላይ እስከ ግማሽ ዲግሪ ድረስ አጥርቶ ለሚያሳውቅ ሰው 20,000 ፓውንድ እንዲሸለም ሕግ አወጣ። ብዙ ሊቃውንት መፍትሔውን በጨረቃና በከዋክብት ፈለጉ። በባሕር ላይ የማይሳሳት ሰዓት ሊሠራ ይችላል ብሎ ያመነ እምብዛም አልነበረም፤ የመርከብ መናወጥ ተወዛዋዡን ያሰናክለዋል፥ ሙቀት ብረቱን ያስረዝመዋል፥ ብርድ ዘይቱን ያረጋዋል።

ይህን ሥራ የጀመረው በ1693 የተወለደ ጆን ሐሪሰን የሚባል አናጢ ነው። የአናጢ ልጅ፥ ራሱም አናጢ። የመጀመሪያውን የባሕር ሰዓት ከ1730 እስከ 1735 ባለው ጊዜ ሠራው። ክብደቱ 34 ኪሎ ያህል ነው፤ መልኩም እኛ ሰዓት ከምንለው ጋር አይገናኝም። በየጫፋቸው ኳስ ያላቸው ሁለት ክንዶች እርስ በርሳቸው በተቃራኒ ይወዛወዛሉ፤ መርከቢቱ አንዱን ስታፈጥነው ሌላውን ታዘገየዋለች፤ ስሕተቱም በስሕተት ይጣፋል። ናስ በሙቀት ከብረት ይልቅ ስለሚረዝም የሁለቱን ዘንጎች ጐን ለጐን አሰልፎ የአንዱ መርዘም የሌላውን እንዲያካክስ አደረገ። ዘይት የሚረጋ ከሆነ ጭራሹን ዘይት የማይፈልግ ሰዓት ልሥራ ብሎ፥ ከሐሩር አገር የመጣ በተፈጥሮው ቅባት ያለው እንጨት ፍትጊያ በሚበዛበት ስፍራ አገባ። አናጢነቱ እዚህ ላይ ጠቀመው ብንል አልተሳሳትንም።

ሰዓቱ በ1736 እስከ ሊዝቦን ተሞከረ፤ ደኅና ሄደ። ሐሪሰን ግን አልረካም። ሁለተኛውን ሠራ። በሦስተኛው ላይ 19 ዓመት ጠፋበት። አራተኛው ከሦስቱም የተለየ፥ ወርዱ 13 ሳንቲሜትር የሆነ፥ ትልቅ የኪስ ሰዓት የሚመስል ነበር። ይህ አራተኛው በ1761 ወደ ጃማይካ በመርከብ ሄዶ ከ81 ቀን በኋላ አምስት ሴኮንድ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ገንዘቡን ግን አሟልተው ለመክፈል እያመነቱ አጉላሉት፤ ንጉሡ ጆርጅ ሣልሳዊ ነገሩ ውስጥ ገብተው ቀሪው ሲከፈለው 1773 ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌው 80 ዓመት ሞልቶታል። ከሦስት ዓመት በኋላም ሞተ።

ሰዓቶቹስ? በ1766 የመንግሥት ሰዎች መጥተው ከቤቱ ወሰዷቸው። ሲያወጧቸው የመጀመሪያው ከእጃቸው ወደቀ። የቀሩትንም በሚያንገጫግጭ ጋሪ ጭነው በለንደን ኮረብታማ ድንጋይ ላይ ወደ ግሪንች አደረሷቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማንኛውም አሮጌ ዕቃ ታሪክ ነው፤ ክፍል ከክፍል ይዘዋወራሉ፤ አንዱ ሹም ሲሄድ ሌላው ሲመጣ የዕቃው ነገር ይረሳል።

የባርኔጣው ብሩሽ

ሩፐርት ጉልድ በ1890 ተወለደ። የባሕር ኃይል መኰንን ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በ1914፥ ጽኑ የመንፈስ ጭንቀት አድሮበት ከመርከብ ወረደ። ሲሻለው በለንደን የባሕር ካርታ በሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ተመደበ። እንግዲህ እንደ ብዙዎቻችሁ ጠረጴዛ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። በትርፍ ጊዜው ስለ ባሕር ሰዓቶች ታሪክ መጽሐፍ ለመጻፍ ጀመረ፤ መጽሐፉም በ1923 ታተመ። ስለ ሐሪሰን እየጻፈ ሳለ ሰዓቶቹን በዐይኑ ለማየት ፈለገና በ1920 ወደ ግሪንች ሄደ።

ያገኛቸው ቆሽሸውና ዝገው ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ናስ የናስ መልክ አልነበረውም፤ አረንጓዴ ዝገት ውጦታል። ጉልድ የግሪንች የከዋክብት ምርምር ቤት ኃላፊ ወደ ነበሩት ወደ ሰር ፍራንክ ዳይሰን ቀርቦ ሰዓቶቹን ያለ ክፍያ ላድሳቸው ብሎ ጠየቀ። ዳይሰንም ፈቀዱለት። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ፤ ሙያው ሌላ ለሆነ፥ ምስክር ወረቀት ለሌለው ሰው፥ በዓለም ምትክ የማይገኝለትን ዕቃ አምኖ መስጠት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ዛሬ ቢሆን የሚፈቀድለት አይመስለንም።

የመጀመሪያው ሥራው በመሣሪያ የተሠራ አልነበረም ማለት ይቻላል። በተለመደ የባርኔጣ መጥረጊያ ብሩሽ ብቻ እየጠረገ ሁለት አውንስ ሙሉ፥ ይኸውም 57 ግራም ያህል፥ ቆሻሻና አረንጓዴ ዝገት አራገፈ። ልብ ይበሉ፤ ሞረድ አላነሣም። በሞረድ ወይም በብርቱ አሲድ ናስን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ወርቅ ማብለጭለጭ ይቻላል። ነገር ግን አሲድ ዝገቱን በልቶ አይቆምም፤ ናሱንም ይቀምሳል። በናሱ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሠሪ የሞረድ ፈለግ፥ ለመለኪያ የጫረው መሥመር፥ ቀዳዳ ሊበሳ ያመለከተበት ነጥብ አለ። ይህ ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ከተፋቀ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ በርኅራኄ የሚያድስ ሰው ሁልጊዜ ከለስላሳው ይጀምራል፤ ለስላሳው ካልበቃ ብቻ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ከቆሻሻው ሥር የወጣው ግን የሚያስደስት አልነበረም። የሰዓቱ ሞላ የለም። ሞላውን ከጥርሶቹ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት የለም። የሞላውን ኀይል በጥቂት በጥቂቱ የሚለቀው ክፍል የለም። የክንዶቹ ሽቦ ሞላዎች የሉም። መሙያው የለም። ፍትጊያን ከሚቀንሱት 24 ትንንሽ መንኰራኵሮች አምስቱ ጠፍተዋል። ሙቀትን ለማካካስ ከተሠሩት ዘንጎች ብዙዎቹ የሉም፤ የቀሩትም ተበላሽተዋል። የሴኮንዱ ቈጣሪ ጠፍቷል፤ የሰዓቱም ቈጣሪ ተሰንጥቋል። ብሎንና ችንካር ከመሰለው ጥቃቅን ነገር ከአሥሩ አንዱ ቢገኝ ነው።

እንግዲህ የጠፋ ዕቃ፥ ሥዕሉ ሳይኖር፥ ሠሪው ከሞተ መቶ ኀምሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፥ እንዴት ተብሎ ይሠራል? ብልሃቱ በሰዓቱ በራሱ ውስጥ ነበረ። የሐሪሰን የመጀመሪያው ሰዓት ግራና ቀኙ እንደ ሰው ሁለት እጆች የተመሳሰለ ነው። በግራ የጐደለው በቀኝ በኩል መንትያው ሊገኝ ይችላል። መንትያውም ቢጠፋ የጐደለ ዕቃ ጥላውን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ባዶ የብሎን ቀዳዳ እዚህ ላይ አንድ ነገር ታስሮ እንደ ነበር ይናገራል፤ የተላገ ጐድጓዳ ደግሞ አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ እየታከከ ያልፍ እንደ ነበር ይመሰክራል። አዳሹ ከነዚህ ምስክሮች ቃል ይቀበላል። የሚሠራውን አዲስ ክፍል ከቃላቸው አያስበልጥም።

ስለ ብሎን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ዛሬ አንድ ብሎን ቢጠፋብዎ ከሱቅ ገዝተው በቁጥሩ ይተኩታል። ይህ የሆነው እንግሊዛዊው ዊትወርዝ በ1841 የብሎን ጥርስ ሁሉ በአንድ ልክ ይሁን የሚል ሥርዐት ካቀረበ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ብሎን ለራሱ ቀዳዳ ብቻ በእጅ ይሠራ ነበር። ሁለት ብሎኖች ወንድማማች መስለው ቦታ ቢለዋወጡ ሁለቱም ቀዳዳዎች ይበላሻሉ። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ አዳሽ አሮጌ ሰዓት ሲፈታ ብሎኖቹን በአንድ ሰሐን አይደባልቅም፤ በካርቶን ላይ የሰዓቱን ቅርጽ ነድፎ እያንዳንዱን ከወጣበት ስፍራ ላይ ይሰካዋል።

ጉልድም ያየውንና ያደረገውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። በቀለም የነደፋቸውን ሥዕሎችና ረዥም ማብራሪያውን የያዙት ደብተሮች 18 ደረሱ። ሐሪሰን ራሱ ስለ ሥራው ሲጽፍ ነገሩን የሚያወሳስብ ሰው ስለ ነበር፥ ሰዓቶቹን ከሠሪያቸው ይልቅ አዳሻቸው አጥርቶ ገለጣቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰባት ዓመት በአንድ ሰዓት ላይ

አራቱም ሰዓቶች እኩል አላስቸገሩትም። ሁሉን ያስናቀው ሦስተኛው፥ ሐሪሰን 19 ዓመት የታገለበት፥ ከ700 በላይ ክፍሎች ያሉት ነው። በውስጡ ሌላ ሰዓት ሠሪ አስቦት የማያውቅ ብልሃት ሞልቶበታል። ለምሳሌ ያህል ናስና ብረት ገጥሞ አንድ ላይ የጠፈጠፈው ልሳን እዚህ ሰዓት ውስጥ ነው የተወለደው፤ ሙቀት ሲጨምር ልሳኑ ወደ አንድ በኩል ይጐብጣል። በልብስ መተኰሻና በምድጃ ውስጥ እሳቱን በልኩ የሚያቋርጠው መሣሪያ የዚሁ ልሳን የልጅ ልጅ ነው። ዳሩ ግን አዳሹ ምን እንደሚሠራ ያላወቀውን ክፍል እንዴት ያድሳል? መልሶ መላልሶ መፍታት፥ መልሶ መላልሶ መግጠም፥ መጠበቅ። ይህ ሰዓት ብቻውን ሰባት ዓመት ወሰደበት።

በነዚህ ዓመታት መካከል የጉልድ ኑሮ ፈረሰ። በ1927 ከሚስቱ ጋር በፍርድ ቤት ተለያየ፤ ነገሩ በጋዜጣ ወጣ። ቤቱን አጣ፤ ሁለቱን ልጆቹን የማሳደግ መብት አጣ፤ የመሥሪያ ቤቱንም ሥራ አጣ። ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ሥራውን ግን አልጣለም። የነርቭ ሕመም ያለበት ሰው በሚሊሜትር ክፋይ የሚለካ ሥራ ይዞ እንዴት እጁ ሳይንቀጠቀጥ ቆየ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለናል፤ እጁን ያጸናለት ሥራው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ሰዓት ተመለሰ። በ1920 ጠርጎት ነበር እንጂ እንዲሄድ አላደረገውም ነበር። አሁን ከሦስቱ ታናናሾቹ የሐሪሰንን ጠባይ ስለ ተማረ፥ የጐደለውን ሞላ፥ ሰንሰለትና መንኰራኵር አንድ በአንድ እየተካ ሄደ። የመጨረሻው ሥራ፥ የክንዶቹን ሽቦ ሞላዎች የሚገቱትን ጥቃቅን ብረቶች ማስተካከል፥ ከሁሉ ይልቅ አንገላታው።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1933፥ በእኛ አቈጣጠር ጥር 24 ቀን 1925 ዓ.ም. ላይ፥ በሰገነት ክፍሉ መስኮት ላይ ዐውሎ ነፋስ ዝናሙን እየደበደበ ሳለ የመጨረሻዋን ብረት በስፍራዋ አደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሐሪሰን የመጀመሪያ ሰዓት ክንዶቹን እያወዛወዘ ሄደ። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሄደው በጁን 17 ቀን 1767 ነበር።

ይሂድ ወይስ ይቁም?

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ነገሩ አለቀ፤ ሰዓት ከሄደ ምን ይፈለጋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሙያተኞቹ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሚሄድ ሰዓት ይላጋል። ጉልድ ያደሳቸው አራቱ ሰዓቶች በግሪንች በሙዚየም ይጠበቃሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዘይት ስለማያስፈልጋቸው እየተሞሉ ሲሄዱ ኖረዋል። አራተኛው፥ ያ ጃማይካ ደርሶ የተመለሰው፥ ግን ዘይት ይፈልጋል። ዘይት ደግሞ ሲውል ሲያድር አቧራ ይይዝና ብረቱን እንደ ወፍጮ ይፈጫል፤ በየጊዜው መፍታትና መጥረግ ያሻል፤ በተፈታ ቍጥርም ትንሽ ይጐዳል። ስለዚህ መሄድ እየቻለ እንዲቆም ተደርጓል። ለአንዳንዱ ተመልካች ይህ ሕያው ሰውን በመቃብር እንደ ማኖር ነው፤ ለጠባቂዎቹ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የሚወለድ ልጅም የሐሪሰንን እጅ እንዲያይ መጠንቀቅ ነው። እኛ ለጠባቂዎቹ እናደላለን፤ ሆኖም የሦስቱ መሄድ ባይኖር የአራተኛው መቆም በከበደን ነበር።

ሌላም ክርክር አለ። በሳልዝበሪ ካቴድራል በ1386 ገደማ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ታላቅ የብረት ሰዓት አለ። በተሠራበት ዘመን ተወዛዋዡ ክብደት፥ ፔንዱለም የሚባለው፥ ገና ስላልታወቀ፥ ሰዓቱ የሚሄደው በአግድም በሚወዛወዝ ዘንግ ነበር። ሆላንዳዊው ሁይገንስ የፔንዱለምን ሰዓት በ1656 ከፈጠረ በኋላ የሳልዝበሪዎቹም የቀድሞውን ዘንግ አውጥተው ፔንዱለም አገቡበት። በ1956 ሲታደስ ግን ፔንዱለሙ ወጣና በጥንቱ ዐይነት የተሠራ አዲስ ዘንግ ተተካ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ፔንዱለሙን ያስገባው ሰው ሥራስ ታሪክ አይደለምን? ዛሬ በዚህ ሙያ ያሉ ብዙ ሰዎች አዳሹ የሚጨምረው ሁሉ ኋላ ሳይጐዳ ሊወጣ የሚችል ይሁን፥ የሚያወጣውም እንዳይጣል ይላሉ። ጉልድ ያደረገውን ሁሉም አይደግሙትም። ደብተሮቹ ባይኖሩ ግን የቱ ክፍል የሐሪሰን፥ የቱ የጉልድ እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገሩ ነበር።

የእርስዎ ሰዓት

ወደ ግድግዳዎ እንመለስ። የአያትዎ ሰዓት የሐሪሰን ሥራ አይደለም፤ በፋብሪካ ከወጡ ከብዙ ሺህ አንዱ ይሆናል። ቢሆንም ለቤትዎ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሞላውን ቤት አይፍቱ። የተጠመዘዘ ሞላ ባንድ ጊዜ ከተለቀቀ ጣት ይቈርጣል፤ የሰዓቱንም ጥርስ ያረግፋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። እርስዎ ግን ጆሮዎን ሊሰጡት ይችላሉ። ሰዓቱን በግድግዳው ላይ ሰቅለው ፔንዱለሙን ቀስ ብለው ገፋ ያድርጉትና ያዳምጡ። ድምፁ እኩል እኩል ከሆነ ደኅና። እንደሚያነክስ ሰው አንዱ ርምጃ ረዥም፥ አንዱ አጭር ከሆነ ግን ምናልባት ሰዓቱ የቆመው ሣጥኑ ስለ ዘመመ ብቻ ነው፤ ጥቂት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢያቃኑት ሊሄድ ይችላል። ስንቱ ሰዓት በዚህ ምክንያት ብቻ ሙት ተብሎ ይሆን!

ሄዶ ሳለ ደግሞ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ እየቀረ ቢያስቸግርዎ ሰዓቱን አይርገሙ። በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የከዋክብት ተመራማሪ በፓሪስ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ከምድር ወገብ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ካየን ቢሄድ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ቀረበት። ምድር ወደ ወገቧ ሰፋ ያለች ስለ ሆነችና ራስዋም ስለምትዞር በዚያ ስበቷ ጥቂት ይደክማል፤ ፔንዱለሙም ይዘገያል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ነች፤ በዚያ ላይ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ በለንደን ተስተካክሎ የወጣ የፔንዱለም ሰዓት አዲስ አበባ ሲደርስ እንዲሁ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጐድልበታል። መድኃኒቱ ከክቡ ናስ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ማዞር ነው፤ ናሱ ከፍ ሲል ሰዓቱ ይፈጥናል፥ ዝቅ ሲል ይዘገያል። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ፔንዱለም አራት ሚሊሜትር ገደማ ማንሣት ይበቃል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ግን ጤነኛውን ጥርስ በሞረድ ይነካካል።

ወደ ሰዓት ሠሪ መውሰድ ግድ ከሆነም ሲሰጡት ጥቂት ነገር ይለምኑት። ገጹን እንዳያጥበው፤ በአሮጌ ገጽ ላይ ያለ ቀለም ከውኃ ጋር ሊሄድ ይችላል። የተላገ ቀዳዳ ካለ በቡጢ እየጠቀጠቀ እንዳያጠብበው፥ ይልቅስ ትንሽ የናስ ቀለበት ሠርቶ እንዲያስገባበት። የተሰበረውን በእርሳስ እንዳያጣብቀው። ዘይቱን በመርፌ ጫፍ እንዲያደርግ እንጂ እንዳያፈስበት። ከውስጥ የተጫረውን የቀድሞ ጠጋኞች ስምና ቀን እንዳይፍቀው፤ የራሱንም ከጐኑ በትንሹ ቢጽፍ ደግ ነው። ዋጋውም ሥራውን የሚመጥን ይሁን፤ ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይደለምና አይቸኵሉበት፥ አይከራከሩትም።

ካወጣው ዕቃ ውስጥም የማይረባ የሚመስለውን ሁሉ፥ የተሰበረውን ጥርስ፥ የደከመውን ሞላ፥ የተበላውን ብሎን፥ እንዲመልስልዎ ይንገሩት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፥ ቀኑንና የተሠራውን በወረቀት ጽፈው፥ በሣጥኑ ግርጌ፥ ፔንዱለሙ በማይነካበት ጥግ ያኑሩት።